ስለ ትንሽ ስንጥቅ

ሰው ትልቅ ጥፋት በደረሰበት ጊዜ ወዲያው ይደነግጣል፤ ትንሽ ጥፋት በደረሰበት ጊዜ ግን «ይህስ ምን ይጎዳል» ብሎ ያልፈዋል። ነገር ግን ጣራ ማፍሰስ ሲጀምር አንዲት ጠብታ ናት፤ ልብስም መቀደድ ሲጀምር አንዲት ክር ናት። ቤት የሚበሰብሰው፥ ልብስም የሚያልቀው ከዚህ ከትንሹ ጀምሮ ነው። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ስለዚህ ነው። እሳት ገና ትንሽ ሳለ በቅጠል መትቶ ማጥፋት ይቻላል፤ ከተስፋፋ በኋላ ግን የመንደር ሰው ሁሉ ቢሰበሰብ ያስቸግራል።

በዚህ ትምህርት የሚነገረው በፍሪጅ ግድግዳ ላይ ስለሚወጣ ትንሽ ስንጥቅ ነው። ስንጥቁ እንዴት እንደሚጎዳና እንዴት እንደሚጠገን ለማወቅ አስቀድሞ የፍሪጅን ሥራ ማወቅ ያስፈልጋል።

ፍሪጅ ብርድን የሚፈጥር ዕቃ ይመስላል፤ ነገር ግን አይደለም። ሥራው ሙቀትን ከውስጥ እያወጣ ወደ ውጭ መጣል ነው። ይህን ለማስተዋል የእንስራን ውሃ ማሰብ ይበቃል። በእንስራ ያደረ ውሃ ከተቀዳበት ሰዓት ይልቅ ቀዝቅዞ ይገኛል። ሸክላ በዐይን የማይታዩ ብዙ ቀዳዳዎች አሉትና ውሃው በነዚያ ጥቂት በጥቂት እየወጣ በነፋስ ይተናል። የሚተነውም ውሃ ሙቀትን ይዞ ይሄዳል፤ ስለዚህ በውስጥ የቀረው ይቀዘቅዛል። እጁን አርጥቦ በነፋስ ላይ የዘረጋ ልጅ ይህን በገዛ ቆዳው ያውቀዋል።

የፍሪጅም ሥራ ከዚህ የራቀ አይደለም። በቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ ቶሎ የሚተን ፈሳሽ ይዞራል። ፈሳሹ ከውስጠኛው ግድግዳ አጠገብ ባለው ቱቦ ሲያልፍ ይተናል፤ ሲተንም የምግቡን ሙቀት ይወስዳል። ከዚያ በኋላ ኮምፕሬሰር የሚባለው ሞተር የተነነውን ጋዝ ስቦ ይጨምቀዋል። የተጨመቀው ጋዝ ይግላል፤ በፍሪጁ ጀርባ ወይም ጎን ባለው ቱቦ ሲያልፍም ሙቀቱን ለክፍሉ አየር ሰጥቶ እንደ ገና ፈሳሽ ይሆናል። የፍሪጅን ጀርባ በእጁ የዳሰሰ ሰው ሞቆ የሚያገኘው ስለዚህ ነው፤ ከወተቱና ከወጡ የወጣው ሙቀት ከሞተሩ ሙቀት ጋራ በዚያ ይወጣልና። እንስራ ውሃውን እየቀነሰ ያቀዘቅዛል፤ ፍሪጅ ግን ያንኑ ፈሳሽ መልሶ መላልሶ ይሠራበታል።

የፍሪጅ ግድግዳ ሦስት ንብርብር አለው። በውጭ በኩል ቀለም የተቀባ ብረት አለ፤ በውስጥ በኩል ነጭ ፕላስቲክ አለ፤ በሁለቱም መካከል ፎም የሚባል ስፖንጅ የሚመስል ቀላል ነገር ተሞልቷል። በፎሙ ውስጥ እጅግ ብዙ ጥቃቅን አረፋዎች ስላሉ ሙቀት በርሱ ዘልቆ ለመግባት ይቸግረዋል። ይህ እንደ ጋቢ ነው። ጋቢ ሙቀትን አይወልድም፤ ነገር ግን የለበሰውን ሰው ሙቀት ይጠብቅለታል። ፎምም እንዲሁ የፍሪጁን ቅዝቃዜ ይጠብቃል። ነገር ግን ጋቢ ከረጠበ ብርድ እንደማያስጥል፥ ፎምም ውሃ ከገባበት ሥራውን መሥራት አይችልም። ውሃ እንዳይገባበት የሚከለክለው ያ ቀጭን ነጭ ፕላስቲክ ነው።

ምግብ ሳይበላሽ ይቈይ ዘንድ የፍሪጅ ውስጥ ቅዝቃዜ 4 ዲግሪ ያህል ወይም ከዚያ በታች መሆን ይገባዋል፤ የበረዶው ክፍል ደግሞ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ይሆናል። ምግብን የሚያበላሹ በዐይን የማይታዩ ተሐዋስያን በሙቀት ቶሎ ቶሎ ይበዛሉ፤ አንዳንዶቹም ምቹ ሙቀት ባገኙ ጊዜ በ20 ደቂቃ ውስጥ እጥፍ ይሆናሉ። በቅዝቃዜ ግን መብዛታቸው እጅግ ይዘገያል።

በድሬ ዳዋ ከተማ በሚኖር በአንድ ቤተ ሰብ የሆነው ነገር ይህን ሁሉ ግልጥ ያደርገዋል። በዚያ ቤት አባትና እናት፥ የ11 ዓመት ልጅና አያቱ ይኖሩ ነበር። አያቱ የስኳር በሽታ ስለ ነበረባቸው ኢንሱሊን የሚባለውን መድኃኒት በየቀኑ በመርፌ ይወስዱ ነበር። ይህ መድኃኒት ሳይከፈት ሲቀመጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ መኖር አለበት። ብዙ ሙቀት ያበላሸዋል፤ ወደ በረዶም ከተለወጠ ይበላሻል። ድሬ ዳዋም ቈላ ስለ ሆነች ለአያቲቱ ፍሪጁ የምግብ ማኖሪያ ብቻ ሳይሆን የሕይወታቸው ጠባቂ ነበረ።

አንድ ቀን እናቲቱ ልጁን ጠርታ፥ «በፍሪጁ ውስጥ በረዶ በዝቷል፤ ሶኬቱን ንቀልና በሩን ክፈተው፤ በራሱ እስኪቀልጥ ድረስ ጠብቅ፤ ከዚያ ጥረገው» አለችውና ወደ ገበያ ሄደች። ልጁ ሶኬቱን ነቀለ፤ ነገር ግን ጓደኞቹ ኳስ ይዘው በደጅ ይጠሩት ነበርና መጠበቅ ከበደው። ስለዚህ ቢላዋ አንሥቶ በረዶውን ይፈነቅል ጀመር። ጥቂት እንደ ሠራ ቢላዋው አዳለጠውና ነጩን ግድግዳ መታው፤ በግድግዳውም ላይ የአንድ ጣት ርዝመት ያለው ስንጥቅ ወጣ። ልጁ ደነገጠ፤ ግራና ቀኝም አየ። ከዚያም የቅቤውን ዕቃ አንሥቶ በስንጥቁ ፊት አቆመውና በልቡ «ማንም አላየም» ብሎ ወደ ኳሱ ሮጠ።

በመጀመሪያው ቀን አንዳችም ነገር አልሆነም፤ በመጀመሪያውም ሳምንት አልሆነም። ትንሽ ጥፋት ሰውን የሚያታልለው በዚህ ነው። ነገር ግን የፍሪጁ በር በተከፈተ ቍጥር ሞቃትና እርጥብ አየር ይገባ ነበር፤ ከአየሩም ያለው እርጥበት በስንጥቁ እያለፈ ወደ ፎሙ ይዘልቅ ነበር። በዚያም ቀዝቃዛው ቱቦ ስላለ እርጥበቱ ወደ ውሃ፥ ውሃውም ወደ በረዶ ይለወጥ ነበር። ውሃ በረዶ ሲሆን ደግሞ ይሰፋል፤ 100 እጅ የነበረው ውሃ በረዶ ሲሆን 109 እጅ ያህል ቦታ ይይዛል። ስለዚህ በረዶው ስንጥቁን ከውስጥ እየገፋ ያሰፋው ነበር። ስንጥቁ ሲሰፋ ብዙ እርጥበት ይገባል፤ ብዙ እርጥበት ሲገባም ስንጥቁ ይብሱን ይሰፋል።

ሦስት ወር ባለፈ ጊዜ በግድግዳው ላይ ወፍራም በረዶ ተጋገረ፤ ከአትክልቱም መሳቢያ በታች ውሃ አቈረ። ወተቱ ቶሎ ይሖምጥ ጀመር። ሞተሩም ሌሊትና ቀን ዕረፍት ስላጣ የመብራቱ ሒሳብ ጨመረ። አባትዮው ግን ምክንያቱን አላወቀም። «ፍሪጁ አርጅቷል» ብሎ የቅዝቃዜውን መለኪያ ወደ መጨረሻው አዞረው። ሕመሙ ያልታወቀ ሰው የማይስማማውን መድኃኒት እንደሚጠጣ፥ ይህም እንዲሁ ሆነ።

በማግሥቱ አያቲቱ አዲሱን የኢንሱሊን ጠርሙስ ሊያወጡ ቢሄዱ በግድግዳው አጠገብ በረዶ ሆኖ አገኙት። እናቲቱ «ቀልጦ ሲመለስ ይውሰዱት ይሆን?» አለች። አያቲቱ ግን አስተዋይ ነበሩና «ሳልጠይቅ አልወጋውም» ብለው ወደ ጤና ጣቢያ ሄዱ። በዚያ ያለችው ነርስም «እማማ፥ አንድ ጊዜ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢቀልጥና ጥሩ ቢመስልም አይታመንም፤ ይጣሉት» አለቻቸውና ሌላ ሰጠቻቸው። አያቲቱ ወደ ቤት ተመልሰው ይህን ሲነግሩ፥ «ሳላይ ወግቼው ቢሆን ኖሮ መድኃኒት ወሰድሁ እያልሁ በሽታዬ ይበረታብኝ ነበር» አሉ።

ልጁ ይህን በሰማ ጊዜ ጉልበቱ ራደ። የቅቤው ዕቃ አንድ ስንጥቅ ብቻ የሸፈነ መስሎት ነበር፤ አሁን ግን በዚያ ዕቃ ጀርባ የአያቱ ሕይወት እንደ ነበረ አየ። ወደ አባቱም ቀርቦ «አባባ፥ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ በቢላዋ ሰንጥቄው ደበቅሁት፤ ይቅር ይበሉኝ» አለ። አባቱ የቅቤውን ዕቃ አንሥቶ ስንጥቁን አየው፤ ከእጅ ርዝመት በላይም ሆኖ ነበር። ብዙ ዝም አለና «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። አንተ ዛሬ ስለ ገለጥኸው መድኃኒቱ ይገኛል፤ ነገር ግን ከእኔ ጋራ ሆነህ ትጠግነዋለህ» አለው።

በሰፈሩ ፍሪጅ የሚጠግን አንድ ባለ ሙያ ነበረና ተጠርቶ መጣ። እርሱም አስቀድሞ የመረመረው ጋዝ የሚዞርበት ቱቦ ተበስቶ እንደ ሆነ ነው። ቱቦው የተበሳ እንደ ሆነ ጋዙ ይወጣል፥ አንዳንድ ጊዜም የሹክሹክታ ድምፅ ይሰማል፥ የቅባት ምልክት ይታያል፥ ፍሪጁም ማቀዝቀዙን ይተዋል። እንዲህ ያለው ጥፋት በባለ ሙያ እጅ እንጂ በማጣበቂያ አይጠገንም። በዚህ ፍሪጅ ግን ቱቦው ደኅና ነበረ፤ ቢላዋው ጥቂት ዘልቆ ቢሆን ኖሮ ግን በበሳው ነበር።

የጋዝ ነገር እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። በቀድሞ ዘመን በፍሪጅ ውስጥ ይዞሩ ከነበሩት ጋዞች ብዙዎቹ መርዝ ነበሩ። በበርሊን ከተማ አንድ ቤተ ሰብ ከነልጆቹ ከፍሪጅ በሾለከ ጋዝ እንደ ሞተ በጋዜጣ ተጽፎ አልበርት አይንስታይንና ሊዮ ሲላርድ የሚባሉት ሊቃውንት አነበቡት ይባላል። ከዚህም የተነሣ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ከ1926 ጀምሮ የሚያፈስ የሞተር መገጣጠሚያ የሌለበት ፍሪጅ ለማበጀት ደከሙ፤ በ1930ም በአሜሪካ አገር የፈጠራ መብት ተሰጣቸው። በ1928 ቶማስ ሚድግሊ ከባልደረቦቹ ጋራ መርዝ ያልሆነና የማይቃጠል ጋዝ አገኘ። ሰውም ሁሉ ደስ አለው። ነገር ግን በ1974 ሞሊናና ሮውላንድ የተባሉ ሊቃውንት እንዲህ ያለው ጋዝ ወደ ሰማይ ወጥቶ ከፀሐይ ጎጂ ጨረር የሚጠብቀንን የኦዞን ሽፋን እንደሚያሳሳ አስረዱ። ስለዚህ በ1987 መንግሥታት በሞንትሪያል ከተማ ተሰብስበው እንዲህ ያሉትን ጋዞች እያሳነሱ ለመተው ተስማሙ። ዛሬ በብዙ ፍሪጆች የሚገኘው ኢሶቡቴን የተባለ ጋዝ ነው፤ በፍሪጁ ጀርባ በተለጠፈው ጽሑፍ ላይም «አር 600 ኤ» የሚል ምልክት አለው። ይህ ጋዝ ኦዞንን አይጎዳም፤ ነገር ግን እንደ ማብሰያ ጋዝ በእሳት ይያያዛል። ስለዚህ ቱቦ ተበስቷል ተብሎ ሲጠረጠር መስኮትን መክፈት፥ ክብሪት አለመጫር፥ ማብሪያና ማጥፊያንም አለመንካት ያስፈልጋል።

ባለ ሙያው ቱቦው ደኅና መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ የጥገናውን ሥርዐት አሳያቸው።

አንደኛ፤ ሶኬቱ ተነቀለ፥ ምግቡም ወጣ። በረዶውን ቶሎ ለማቅለጥ ሙቅ ውሃ የተሞላበት ሳሕን በፍሪጁ ውስጥ ተቀመጠ፤ ቢላዋ ግን ማንም አላነሣም። አያቲቱም አዲሱን መድኃኒት ውሃ በማያስገባ ዕቃ ከድነው በሸክላ ገንቦ ውስጥ አኖሩት፤ ገንቦውም በትልቅ ሸክላ ውስጥ ገብቶ በመካከላቸው እርጥብ አሸዋ ተደረገ። እንስራን የሚያቀዘቅዘው ያው መተን መድኃኒቱን ለጥቂት ቀን ከቈላው ሙቀት ጠበቀው። በመድኃኒቱ ወረቀት ላይ ከፍሪጅ ውጭ ስንት ቀንና በስንት ዲግሪ እንደሚቈይ ተጽፎ ይገኛልና እርሱንም አስነበቡ።

ሁለተኛ፤ ፎሙ እንዲደርቅ በሩ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ሙሉ ተከፍቶ ቈየ፤ ቬንቲሌተርም ተደረገለት። እርጥበት በውስጥ ሳለ ስንጥቁን መድፈን ቍስልን ሳያጠቡ እንደ ማሰር ነው፤ ውጭው ያማረ ይመስላል፥ ውስጡ ግን ይበላሻል። ልጁም በዚህ ጊዜ ጓደኞቹ ሲጠሩት አልሄደም።

ሦስተኛ፤ የስንጥቁ ዙሪያ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ታጠበ፤ ቅባት ባለበት ማጣበቂያ አይዝምና። ከደረቀም በኋላ በአልኮል ተወለወለ። ቤንዚንና የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ግን ፕላስቲኩን ስለሚያቀልጡት አይነኩም።

አራተኛ፤ ማጣበቂያው እንዲይዝ በስንጥቁ ግራና ቀኝ አንድ ጣት ያህል በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት በቀስታ ተፋቀ። በሌላ ቦታ ቢሆን በስንጥቁ ጫፍ ላይ ትንሽ ክብ ቀዳዳ ማበጀት ይጠቅማል፤ ስንጥቅ የሚገሠግሠው በሾለ ጫፉ ላይ ኀይል ስለሚሰበሰብ ነው፥ ጫፉ ክብ ሲሆን ግን ኀይሉ ይበተናል። በዚህ ግድግዳ ጀርባ ግን ቱቦ ስለሚያልፍ ባለ ሙያው ከለከለ፤ በዚህ ፈንታ ማጣበቂያው ከስንጥቁ ጫፍ ሁለት ሴንቲሜትር አልፎ እንዲቀባ አዘዘ።

አምስተኛ፤ ኢፖክሲ የሚባለው በሁለት ቱቦ የሚሸጠው ማጣበቂያ ከሁለቱም እኩል እኩል ተጨምቆ በካርቶን ላይ ተደባለቀ። ለምግብ ዕቃና ለቅዝቃዜ የሚስማማ መሆኑም በጽሑፉ ላይ አስቀድሞ ተነበበ። መስኮቱ ተከፍቶ፥ ጓንት ተደርጎ፥ በጠፍጣፋ እንጨት ወደ ስንጥቁ ተጨመረ። ስንጥቁ ሰፊ ስለ ነበረ ማእዘኖቹ የተከረከሙ ቀጭን ፕላስቲክ በላዩ ተለጠፈበት፥ በፕላስተርም ተያዘ። ከዚያ በኋላ 24 ሰዓት ሳይነካ ቈየ።

ስድስተኛ፤ ማጣበቂያው በጠነከረ ጊዜ ግድግዳው ታጠበ፥ ሶኬቱም ተሰካ። የበሩም ላስቲክ ተፈተነ፤ ፈተናውም እንዲህ ነው። አንድ ወረቀት በበሩና በላስቲኩ መካከል አድርጎ በሩን መዝጋትና መሳብ፤ ወረቀቱ ያለ ችግር ከወጣ ላስቲኩ አየር ያስገባል፥ ከያዘ ግን ደኅና ነው። የቅዝቃዜው መለኪያ ወደ መካከል ተመለሰ። አንድ ብርጭቆ ውሃ በፍሪጁ ውስጥ አድሮ በማግሥቱ ቴርሞሜትር ቢያገቡበት 4 ዲግሪ ሆኖ ተገኘ። ሞተሩም ጥቂት እየሠራ ጥቂት ያርፍ ጀመር።

አያቲቱ መድኃኒታቸውን ከግድግዳው አርቀው በመካከለኛው መደርደሪያ ላይ አኖሩት። ከዚያም ቴርሞሜትሩን ለልጁ ሰጡትና «ከእንግዲህ ወዲህ ጠዋት ጠዋት እያየህ ስንት ዲግሪ እንደ ሆነ ንገረኝ» አሉት። ልጁም ጠዋት ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ከመሄዱ በፊት እያየ ይነግራቸው ነበር። አንድ ቀን ቁጥሩ ወደ 7 ከፍ ብሎ ቢያገኘው አልደበቀም፤ ሮጦ ተናገረ፥ በሩም በሚገባ ሳይዘጋ ማደሩ ታወቀ።

እንግዲህ ልብ በሉ። ልጁ በረዶውን በአንድ ሰዓት ለመጨረስ ቸኵሎ ቤተ ሰቡን የሦስት ወር ጉዳትና የሁለት ቀን ጥገና አስከተለባቸው፤ «የቸኰለ አፍሶ ለቀመ» የሚባለው ይህ ነው። ነገር ግን ከመቸኰሉ ይልቅ የከፋው መደበቁ ነው። ስንጥቁን በወጣበት ቀን ተናግሮ ቢሆን ኖሮ ጥቂት ማጣበቂያ በበቃው ነበር። የተነገረ ጥፋት ትንሽ ሳለ ይጠገናል፤ የተደበቀ ጥፋት ግን በጨለማ ያድጋል፥ ዋጋውንም የሚከፍለው ብዙ ጊዜ ያላጠፋው ሰው ነው።

ጥያቄ

1. እንስራ ውሃን የሚያቀዘቅዘው እንዴት ነው? ፍሪጅስ በምን ይመስለዋል?
2. የረጠበ ፎም ከረጠበ ጋቢ ጋራ የሚመሳሰለው በምንድር ነው?
3. ስንጥቁ በሦስት ወር ውስጥ የሰፋው ስለ ምን ነው?
4. አባትዮው መለኪያውን ያዞረው ለመልካም ነገር ሳለ ስለ ምን ጉዳት መጣ?
5. አያቲቱ ቴርሞሜትሩን ለልጁ የሰጡት ስለ ምን ይመስላችኋል?